የመንገዱ ሌባና የእኔ ቀይ እስክሪብቶ

ሚዛን ተፈሪ ከተማ አማርኛ ማስተማር በጀመርኩ በስምንተኛው ዓመት የከተማው ቤተ መጻሕፍት የንባብ ክበብ የድርሰት ውድድር አወጣ። ሞባይል ስልክ ወደ እኛ አካባቢ ገና አልደረሰም ነበርና ወሬ የሚዞረው በወረቀትና በአፍ ነው። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ፣ ቀጭንና ትጉህ ወጣት፣ ማስታወቂያውን በእጁ ጽፎ በመናኸሪያው፣ በገበያው በርና በትምህርት ቤታችን ግድግዳ ላይ ለጠፈው። ግጥም፣ አጭር ልብ ወለድ፣ “እንዲሁም ሥዕል ያለበት ማንኛውም ታሪክ” ይላል። የመጨረሻዋን ሐረግ ለምን እንደጨመራት ስጠይቀው፣ “መሣል የሚችል ሰው ቅር እንዳይለው ብዬ ነው” አለኝ።

ዳኞቹ ሁለት ነበርን። ጽሑፉን የምመዝነው እኔ ስሆን ሥዕሉን የሚመዝኑት ደግሞ የከተማውን ታፔላ ግማሽ ያህሉን የሠሩ አንድ ሠዓሊ ነበሩ። ዕድሜያቸው ስልሳን የሚጠጋ፣ ከዚሁ አቅራቢያ የሸዋ ቤንች ሰው ናቸው። የፀጉር ቤቱን መቀስ፣ የሥጋ ቤቱን በሬ፣ የመድኃኒት ቤቱን እባብ የሣሉት እሳቸው ናቸው፤ በሚጸልዩበት ቸርች ግድግዳ ላይ ያለውን ጥቅስም የጻፉት እሳቸው። እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ፣ እሳቸው ቲቸር ይሉኛል። ከዚያ በፊት ከሰላምታ ያለፈ ነገር ተነጋግረን አናውቅም።

ስለ ራሴ አንድ ነገር ልናገር፤ ያለዚያ ያደረግሁት አይገባም። አባቴ በሥራ ዝውውር ከጎንደር መጥቶ እዚሁ የቀረ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር። ቤታችን ውስጥ መጽሐፍ መሬት ላይ አይቀመጥም። ሥዕል የበዛበት መጽሐፍ ግን አባቴ ፊት ዋጋ አልነበረውም። “ሥዕል ማንበብ ላቃተው ሰው የሚሰጥ ምርኩዝ ነው” ይል ነበር። እኔም አምኜው አደግሁ። አስተማሪ ከሆንኩ በኋላ ደግሞ ሌላ አመል አወጣሁ፤ የተጻፈ ነገር ፊቴ ሲቀርብ እጄ ራሱ ቀይ እስክሪብቶ ይፈልጋል። የዕድር ማስጠንቀቂያ ሳይቀር አርሜ አውቃለሁ።

አሥራ አራት ሥራዎች ገቡ። ስም አይጻፍም፤ በቁጥር ብቻ ነው የሚታወቁት። አብዛኞቹ ሁለትና ሦስት ገጽ ነበሩ። ሰባት ቁጥር ግን በላስቲክ የተጠቀለለ ትልቅ የሥዕል ደብተር ነው። ሽፋኑ ላይ በትላልቅ ፊደላት “የመንገዱ ሌባ” ይላል። ከሥሩ ቢጫ የዝናብ ልብስ የለበሰች ሴት ቦቲ ጫማዋን በእጇ አንጠልጥላ ጭቃ ላይ በባዶ እግሯ ቆማለች።

ደብተሩን በመምህራን ማረፊያ ቁጭ ብዬ በሁለት ቀን ጨረስኩት። ከዳር እስከ ዳር በሥዕል የተተረከ የምስጢር ታሪክ ነው። እያንዳንዱ ገጽ በአራት በአምስት ሳጥን ተከፍሏል፤ ሰዎቹ የሚናገሩት በነጭ ክብ ውስጥ ይጻፋል፣ ተራኪው የሚለው ደግሞ ከሥዕሉ ሥር። ሴትዮዋ በቀን ቴፒ ገበያ ዝንጅብል ትሸጣለች። ማንም የማያውቅላት ኃይል አላት፤ በባዶ እግሯ መሬት ስትረግጥ በዚያ ቦታ ያለፈውን ሁሉ ታውቃለች። ከዕለታት አንድ ቀን ከቴፒ ወደ ማጂ የሚወስደው መንገድ መጥፋት ይጀምራል። መጀመሪያ ከድልድዩ ማዶ ያለች አንዲት ኩርባ ትጠፋለች፤ ከዚያ ዳገቱ በሙሉ። መንገድ በነበረበት ቦታ ጫካ ብቻ ይገኛል፤ ሰዉም ቀስ በቀስ መንገድ እንደነበረ ይረሳል። ሴትዮዋ ቦቲዋን አውልቃ የቀረው መንገድ ላይ ትቆማለች። እግሯ ይነግራታል፤ እዚህ ሙሽራ አልፋለች፣ እዚህ ሬሳ ተሸካሚዎች አርፈዋል፣ እዚህ የምታነክስ በቅሎ ጨው ጭና ወጥታለች። ሌባው ግን አንድም ቦታ አልረገጠም። የጭነት መኪናውን ባለቤት ትጠረጥራለች፤ ንጹሕ ነው። ጫካ ውስጥ የሚኖረውን ማር ቆራጭ ትጠረጥራለች፤ እሱም ንጹሕ። በመጨረሻ ወንዙን ራሱን ትጠረጥራለች።

አሁን ይህን ስጽፈው ደስ ይለኛል። ያኔ ግን ያየሁት ስሕተት ብቻ ነው። ሃሌታው “ሀ” ሐመሩ “ሐ” ቦታ ገብቷል፤ ንጉሡ “ሠ” እና እሳቱ “ሰ” ተቀያይረዋል። ከዚያ የባሰብኝ የቃሉ ብዛት ነው። ሥዕሉ ላይ ዝናብ ይዘንባል፤ ከሥሩ “ዝናቡ ከቀኝ በኩል እየገፋ ይመጣል፤ የቆርቆሮው ጫፍ ላይ ሲደርስ እንደ መጋረጃ ይወርዳል” ይላል። ሥዕሉ ላይ ጭጋግ አለ፤ ጽሑፉ ስለ ጭጋጉ ስምንት መስመር ያወራል። ሴትዮዋ ሌባ ልትይዝ እየሮጠች ሳለ ታሪኩ ቆሞ ስለ ቀርከሃ ቅጠል ድምፅ ይተርካል። በየኅዳጉ “በሥዕሉ ይታያል፤ ለምን ይጻፋል?” እያልኩ በቀይ ጻፍኩ።

ከስልሳ አንደኛው ገጽ በኋላ ጭራሽ ቃል የለም። ሥዕሉ ይቀጥላል፣ ሰዎቹ አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ክቦቹ ግን ባዶ ናቸው። አሥራ ሁለት ገጽ እንዲህ ይሄዳል፤ ቃል ስለሌለው ሥዕሉን ልብ ብዬ አላየሁትም። በየክቡ ውስጥ “ባዶ” ብዬ ጻፍኩ። ከሴትዮዋ አፍ የወጣ አንድ ትልቅ ክብ ነበር፤ እሱ ውስጥ “ለምን?” አልኩ። መጨረሻው ላይ፣ “የምስጢር ታሪክ ሌባውን ሳያሳይ አያልቅም። ያላለቀ ሥራ” ብዬ ፈረምኩ። ከሃምሳ አሥራ ዘጠኝ ሰጠሁት።

ደብተሩ ከእኔ ወደ ሠዓሊው ሄደ። ከአምስት ቀን በኋላ ነጥባችንን ለማስታረቅ ቤታቸው ሄድኩ። ጓሮ ያለችው መሥሪያቸው ቀለምና ቤንዚን የምትሸት ጠባብ የቆርቆሮ ክፍል ናት። እጃቸውን በሳሙና ታጥበው፣ ጠረጴዛው ላይ ንጹሕ ጋዜጣ አንጥፈው፣ ደብተሩን እዚያ ላይ አስቀምጠውት ጠበቁኝ።

“ቲቸር፣ ቀዩን ማን ጻፈው?” አሉኝ።

“እኔ ነኝ፣ ጋሼ።”

“እዚሁ ደብተሩ ላይ?”

“አመል ሆኖብኝ ነው። የተማሪዎቼንም እንዲሁ ነው የማርመው።”

 ቀዩን ከገጽ ገጽ እየገለጡ አዩት። ከዚያ ነጥቤን ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው።

“ሌባውን አላሳየንም ነው የምትዪው?”

“የት አሳየን?”

ወደ ሁለተኛው ገጽ መለሱት። ገበያው መሀል፣ ከዝንጅብል ሻጮቹ ጀርባ፣ ኮት የለበሰ አንድ ሰውዬ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ጥፍር ቢያክል ነው። በሚቀጥለው ገጽ ከድልድዩ ሥር እዚያው ወንበር ላይ አለ። የጭነት መኪናው ላይ ከጆንያዎቹ መሀል ተቀምጧል። ማር ቆራጩ ከወጣበት ዛፍ ሥር ተቀምጧል። ሠዓሊው እያንዳንዱን በጣታቸው እየነኩ አሳዩኝ። እሱ የሌለበት ገጽ አልነበረም።

“እግሩን ተመልከች” አሉኝ። ወንበሩ ከፍ ያለ ነው፤ ጫማው አንድም ቦታ መሬት አይነካም። “መሬት ካልረገጠ እንዴት ታውቀዋለች? ሰውየው ከመጀመሪያው አለ፣ ቲቸር። እኔ ቃሉን ሳላነብ ነው ያገኘሁት።”

 ደብተሩን ሁለት ቀን ሙሉ ይዤው ስውል ፊደሎቹን ብቻ ነበር ያየሁት።

“ሌላም ነገር አለ” አሉ። “ይሄን የሣለው የቴፒ ሰው ነው። የቡናውን ቅጠል እዪው፤ በሽታው ሳይቀር አለበት። ሥራው ከቡና ጋር ነው። ማጂን ግን አያውቀውም። እኔ ማጂ ቸርች ልቀባ ሄጄ ሁለት ወር ተቀምጫለሁ። እዚህ መጀመሪያው ላይ ማጂ ብሎ የሣለው ቴፒን ነው፤ ደጋ ላይ ሙዝ ተክሏል።” ገጹን ገለጡ። “እዚህ ስትደርሺ ሙዙ የለም። እዚህ ጭጋጉ መጣ። እዚህ ቀርከሃው መጣ። ቀስ በቀስ ማጂ እየሆነለት ነው። ሳይሄድ ማን ነገረው?”

ማን እንደነገረው ያኔ ገባኝ። የስምንት መስመሩ ጭጋግና የቀርከሃው ድምፅ ነው የነገረው፤ እኔ “ለምን ይጻፋል?” ያልኩት።

“ፊደሉ የገባው በኋላ ነው” አሉ ሠዓሊው። “ክቡ ቀድሞ ተሥሏል፤ ቃሉ ተጣቦ፣ ተጣሞ ነው ውስጡ የገባው። ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ ይሥልና ይልካል፣ ሌላው ይጽፍና ይመልሳል። እነዚህ ባዶዎቹ...” ጣታቸውን ከቀዩ ጽሑፌ ላይ አነሱ። “እነዚህ ቃላቸው ገና አልደረሰም።”

በማግስቱ ሁለታችንም ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ሄድን። ኃላፊው ሰባት ቁጥርን ያመጣችው በመናኸሪያው በር ሻይና ዳቦ የምትሸጥ ሴት መሆኗን ነገረን። አውቃታለሁ። ከቦንጋ መጥታ እዚያ የቆየች፣ ተሳፋሪ ዕቃ ቢያስቀምጥባት የማይጠፋባት ሰው ናት። ደብተሩን በእጄ ስታይ ደነገጠች።

“ተሸለሙ?” አለች።

“እትዬ፣ ይሄ የማን ነው?”

በርጩማ አቀረበችልንና ተረከችልን። ሥዕሉን የሚሥለው ልጅ ቴፒ የቡና ችግኝ ጣቢያ ይሠራል። ቃሉን የምትጽፈው ሚስቱ ማጂ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ናት። ከተጋቡ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ አብረው የኖሩት ግን አራት ወር ነው። እሷ ማጂ ተመደበች፤ ዝውውር ይጠይቃሉ፣ ዝውውር አይመጣም። ማጂ ስልክ አለ ቢባልም በዚያ ዘመን ከመደወል መሄድ ይቀላል ይባል ነበር። ስለዚህ ደብተሩ ይመላለሳል። የቴፒው አውቶቡስ ሹፌር አምጥቶ ሻይ ሻጯ ጋ ያስቀምጠዋል፤ ወደ ማጂ የሚወጣ አይሱዙ ሲገኝ ትልከዋለች። ሲመለስም እንዲሁ። ዓመት አልፎታል እንዲህ ሲዞር።

“ከነሐሴ ጀምሮ ወደ ማጂ መኪና አልወጣም” አለች። “መንገዱ ተቆርጧል። ደብተሩ እዚህ እኔ ጋ ወር ተኩል ተቀመጠ። እያየሁት አዘንኩ። ማስታወቂያው ደግሞ እዚህ ፊቴ ነው የተለጠፈው። ሽልማት ይላል። አንብባችሁ ትመልሱልኛላችሁ፣ እነሱም ደስ ይላቸዋል ብዬ ነው። ጥፋት ነው እንዴ?”

ሠዓሊው “ጥፋት የለብሽም” አሏት። እሷም እጇን በሽርጧ ጠርጋ ደብተሩን ገለጠችው። ማንበብ ትችላለች፣ ቀስ ብላ። ጥቂት ገጽ ከሄደች በኋላ ቀና ብላ፣ “ይሄ ቀዩ ከየት መጣ?” አለች።

በሕይወቴ እንደዚያች ቀን ያፈርኩበት ጊዜ ጥቂት ነው። የሰው ደብዳቤ ከፍቶ ማንበብ ነውር መሆኑን ለልጆች የማስተምር ሰው፣ የባልና ሚስት ደብዳቤ ከፍቼ ማንበብ ሳይበቃኝ ፊደሉን አርሜ ነጥብ ሰጥቼበታለሁ። ለኃላፊው ሰባት ቁጥር ከውድድሩ ይውጣ አልኩት። እሺ አለ።

ለማጂዋ ነርስ የይቅርታ ደብዳቤ ለመጻፍ አራት ወረቀት አበላሸሁ። መጀመሪያ የጻፍኩት እንደ ማመልከቻ ሆነብኝ። ሁለተኛው ራሴን የሚከላከል ሆነ። የመጨረሻው አጭር ነበር፤ ማን እንደሆንኩ፣ ደብተሩ እንዴት እጄ እንደገባ፣ ያደረግሁትን እንዳደረግሁት፣ አሥራ ዘጠኝ መስጠቴን ሳይቀር፣ ቀዩ እንደማይጠፋም እንደማውቅ ጻፍኩ። ሻይ ሻጯ ወደ ማጂ መኪና መንቀሳቀሱን ስትነግረኝ ጥቅምት ገብቶ ነበር። ጠዋት ከትምህርት በፊት ሄጄ ደብተሩንና ደብዳቤውን በሁለት ላስቲክ ጠቅልዬ ለአይሱዙው ሹፌር በእጄ ሰጠሁት።

“የሲስተሯ ነው አይደል?” አለኝ። “እስካሁን የት ነበር? መንገዱ ከተከፈተ ሁለቴ ወጥቻለሁ፤ ባዶ እጄን ስሄድ ፊቷን ማየት አልችልም እኮ።”

ደብተሩን ዝናብ የማይደርስበት ቦታ እንዲያስቀምጠው አደራ አልኩት።

የቡና ለቀማ ጊዜ ነበር። የተማሪዎቼ ግማሽ ያህሉ ቤተሰብ ለማገዝ ይቀራሉ፤ ከተማው ሁሉ የእሸት ቡና ገለፈት ይሸታል። በየሳምንቱ በመናኸሪያው በኩል አልፋለሁ፤ ሻይ ሻጯ ከሩቅ ራሷን ትነቀንቃለች። በስድስተኛው ሳምንት ራሷ ትምህርት ቤት ድረስ መጣች። የዕረፍት ሰዓት ነበር። ደብተሩን ሰጥታኝ፣ “ሲስተሯ አንብቢው ብላለች” ብላ ሻዩን ለማን ጥላው እንደመጣች እየተጨነቀች ሮጣ ተመለሰች።

ማረፊያው ክፍል ጥግ ይዤ ከፈትኩት። ከእያንዳንዱ ቀይ ጽሑፌ ሥር በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ በደቃቅ ፊደል፣ መልስ ተጽፏል። “ሀ” ን ወደ “ሐ” ባረምኩበት የመጀመሪያው ቦታ “እሺ። የአራተኛ ክፍል አስተማሪዬም እንዲህ ትለኝ ነበር” ይላል። “በሥዕሉ ይታያል፤ ለምን ይጻፋል?” ካልኩበት ሥር፦ “እሱ ሲሥል አላየሁትም፤ እኔም ሥዕሉን ሳይ እሱ አያየኝም። ያየሁትን ልንገረው ብዬ ነው።” የቀርከሃው ቅጠል ድምፅ ጋ፦ “የጤና ጣቢያችን ጓሮ ነው። ሰምቶት አያውቅም።” አንድ ገጽ ላይ “መንገዱ ናፈቀኝ” የሚል ቃል ሦስት ጊዜ ስለመጣ “ድግግሞሽ” ብዬ ነበር። እሷም “ሦስቴም ናፍቆኝ ነው” ብላለች።

ባዶ ወደነበሩት ገጾች ደረስኩ። ባዶ አልነበሩም። የእኔን ቀይ ቃል አልሰረዘችውም፤ ከእሱ ቀጥላ ነበር የጻፈችው። ሴትዮዋ በየቤቱ እየዞረች ሰው ስትጠይቅ ጨው ሻጩ “ባዶ” ይላል በቀይ፣ “ጆንያ አጥፌ ቁጭ ብያለሁ” ይላል በሰማያዊ። አንዲት አሮጊት “ባዶ” ትላለች፣ “ቤት ውስጥ ቁጭ ብዬ እስከ መቼ በር በር ልይ፣ ልጄ።” የእኔ ስድብ የከተማው ሰው እሮሮ ሆነ። ከዚያ ሴትዮዋ ወንበሩ ላይ ያለውን ሰውዬ ታገኘዋለች። ፎቅ ላይ፣ ከተጠቀለሉ መንገዶች መሀል ተቀምጧል፤ መንገዶቹ እንደ ሰሌን ተጠቅልለው በየመደርደሪያው ተደርድረዋል። ፊት ለፊቱ ቆማ ያ ትልቅ ክብ ከአፏ ይወጣል። ውስጡ በእኔ እጅ፣ በቀይ፣ “ለምን?” ይላል። ሌላ ቃል አልጨመረችበትም። ሰውዬው በሰማያዊ ይመልሳል፦ “እስከ ዛሬ ለምን ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም።”

በመጨረሻው ገጽ ሰውዬው በካልሲው መንገዱ ላይ እያነከሰ ይሄዳል። ሴትዮዋ ወንበሩን ተሸክማ ከኋላው አለች።

አንዲት ባልደረባዬ ምን ሆነሽ ነው አለችኝ። ደብዳቤ እያነበብኩ ነው አልኳት።

በደብተሩ መሀል ብጣሽ ወረቀት ነበር። “ለቲቸር፦ ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ቀዩን ለማጥፋት ሞክሬ ነበር፤ ወረቀቱን ሊቀድብኝ ሆነ። ስለዚህ አስገባሁት። ለውድድሩ ይቅረብ አይቅረብ የሚለውን እሱ ይወስን፤ መጀመሪያ ግን ይድረሰው። ብዙ ቆይቷል።”

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ለቴፒው ሹፌር ተሰጠ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ከቴፒ አጭር መልስ መጣ፤ “ይቅረብ። እኔው ራሴ ይዤው እመጣለሁ።”

ውጤት ገና ስላልተነገረ ኃላፊው ተቀበለ። እኔ ግን ልዳኘው አልችልም አልኩ፤ የእኔም እጅ ገብቶበታል። ሠዓሊው ሥዕሉን ቀድመው አይተውት ስለነበር ብቻቸውን ከሃምሳ ሠላሳ ስምንት ሰጡት። ለምን ከዚያ አልበለጠም ብዬ ተከራከርኳቸው።

“እጅ መሣል አይችልም” አሉኝ። “ልብ ብለሽ ከሆነ፣ ሰው ሁሉ እጁን ኪሱ ከቷል። እግር ላይ ግን እዚህ አገር የሚደርስበት የለም። ሠላሳ ስምንት በእግሩ ያገኘው ነው።”

የሽልማቱ ዕለት ታኅሣሥ ውስጥ ነበር፣ ቅዳሜ ጠዋት። መንገዱ ደርቋል። እሷ የዓመት ፈቃድ ወስዳ በዋዜማው ከማጂ ወርዳለች፤ እሱ በማለዳው አውቶቡስ መጣ። የተገናኙት ሻይ ሻጯ ጋ ነው። ሠዓሊውና እኔ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ስናልፍ አየናቸው። እሱ አጠር ያለ፣ የእጁ ስንጥቅ አፈር የያዘ ሰው ነው፤ እሷ ረጅም ናት፣ የደጋ ሹራብ ለብሳ ሚዛን ሙቀት ውስጥ ላብ አጥምቋታል። ደብተሩ በመሀላቸው ተዘርግቷል። ተቃቅፈው ሲላቀሱ የማገኛቸው መስሎኝ ነበር። እነሱ ግን ይከራከራሉ።

“ካልሲው ቀዳዳ እንዳለው ጻፊ ብዬሽ አልነበረም?” ይላል እሱ።

“ሥዕሉ ላይ የለማ። የሌለ ነገር ልጻፍ?”

ሠዓሊው ክንዴን ያዝ አድርገው፣ “እንለፍ፣ ቲቸር” አሉኝ።

አንደኛ የወጣው የአንድ ተማሪ ግጥም ነበር፤ ይገባዋልም። የመንገዱ ሌባ ሦስተኛ ወጣ። ኃላፊው ደብተሩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ሰው ተራ እየያዘ እንዲያገላብጠው አደረገ። ከዞን የመጡ አንድ የክብር እንግዳ ለረጅም ጊዜ ቆመው አዩት። ከዚያ “ይሄ ወንበር ላይ የተቀመጠው ሰውዬ ማን ነው?” ብለው ጠየቁ።

ባልየው ፊቱ ጠቆረ። ሚስትየዋ ግን በረጋ ድምፅ፣ “አናውቀውም፣ ጌታዬ። ጉዳይ ይዘን በሄድን ቁጥር ግን ተቀምጦ ነው የምናገኘው” አለች።

በአካባቢው የነበርን ሰዎች መሬት መሬት አየን። እንግዳው መጀመሪያ ሳቁ፤ ቀጥሎ ገጹን መልሰው አዩና ሳቃቸውን ተዉ። “ዝውውር ጠይቃችኋል?” አሉ። “ሦስት ጊዜ” አለች። ራሳቸውን ነቅንቀው ወደ ቀጣዩ ሥራ አለፉ።

ሰዉ ሲበተን ወደ እኔ መጣች። ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

“ቀዩን ያየሁ ዕለት አልቅሻለሁ፣ ቲቸር። ከንዴት ነው። ስሠራ ውዬ ገብቼ እንደገና ከፈትኩት። ያኔ ደግሞ ሌላ ነገር ታየኝ። ይሄን ደብተር ከእሱ በቀር ያነበበው ሰው አልነበረም። እርስዎ ግን ቁጭ ብለው ሁሉንም አንብበዋል። አንዲት ‘ሀ’ አላለፉም።”

“አንቺ በይኝ” አልኳት።

“እሺ። አንቺ አላለፍሽም።” ሳቀች። “አሥራ ዘጠኝ ግን ትንሽ አነሰ።”

ዝውውሩ በዚያ ዓመት አልመጣም፤ በሚቀጥለው ዓመት ማብቂያ ላይ ነው የመጣው። የክብር እንግዳው እጃቸው ይኑርበት አይኑርበት አላውቅም፤ እነሱም አያውቁም። እሷ ከሚዛን ብዙ የማይርቅ ጤና ጣቢያ ተመደበች፤ እሱም ቴፒን ለቆ እዚሁ ሥራ አገኘና ቤት ተከራዩ። እኔ ደግሞ ከዚያ ወዲህ የሰው ደብተር ላይ አልጽፍም፤ እርማቴን በሌላ ወረቀት አድርጌ እሰጣለሁ። ተማሪዎቼ ታሪክ ሲያመጡልኝ በኅዳጉ የሞነጫጨሩትንም አያለሁ፤ ከሠዓሊው ጋር ቅዳሜ ቅዳሜ እየተቀመጥን ሥዕል ማየት ለምጃለሁ።

ወደ ሚዛን በገቡ በስድስተኛው ወር ግድም ራት ጠሩን። ሠዓሊው አሟቸው ስለነበር ብቻዬን ሄድኩ። ሁለት ክፍል ቤት ነው፣ ግድግዳው አዲስ ኖራ የተቀባ። ስንጨዋወት ቆይተን፣ ስመኘው የቆየሁትን ጠየቅሁ፤ “የመንገዱ ሌባ ሁለተኛ ክፍል አይኖረውም?”

ተያዩ። እሱ ተነሥቶ ከአልጋው ራስጌ አዲስ ደብተር አመጣ። አራት ገጽ ብቻ ተሥሏል። አምስተኛው ላይ የዝንጅብል ሻጯ ፊት በእርሳስ ተጀምሮ ቀርቷል።

“እሱ ሲሥል እኔ ከኋላው እቆማለሁ” አለች እሷ። “እንዲህ አይደለም እለዋለሁ። እሱ ደግሞ ቃሌን ገና ሳልጽፈው ይሰማዋል። ሁለት ቀን ተኳርፈን ተውነው።”

“እቀጥለዋለሁ” አለ እሱ።

“የት አባቱ” አለች፣ እየሳቀች። “ሰው በቤቱ ቁጭ ብሎ ምን ይጽፋል?”

አራቱን ገጽ ሁለት ጊዜ አየሁ። ሥዕሉ ከበፊቱ በጣም ተሽሏል፤ እጅ መሣል ችሏል። ጎበዝ ነው አልኩት፣ ከልቤ ነበር። በውስጤ ታሪኩ ስለቀረ ቆጨኝ፤ ፊታቸውን ሳይ ደግሞ ቁጭቴን ለመናገር አፈርኩ። እሷ ገበታውን ይዛ ቆማ ስለነበር ደብተሩን አጥፈን ጠረጴዛውን ለራቱ ለቀቅን።